ጋሪ ይውጣ ያልኩ ዕለት

ልጆች ክርክር ቢማሩ ጥሩ ነው ይባላል። እኔም ጥሩ ነው ባይ ነኝ። ነገር ግን ልጃችሁን የክርክር ክበብ ከማስገባታችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ምን ምን ነገር እንዳለ በደንብ አስቡበት፤ አንድ ቀን ማስረጃ ሆኖ አደባባይ ሊወጣ ይችላል። ይህን የምለው የሰው ነገር ሰምቼ አይደለም። አደባባይ ያወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ የወጣውም የአባቴ ፈረስ ነው።

ነገሩ የሆነው ከአብዮቱ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። ስሟን አልጠራም። እዚያ ገና ዘመዶች አሉኝ፤ ሠርግም ይጠሩኛል። ከተማ ያልኳት እኛ እንደዚያ እንላት ስለነበር ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ወፍጮ፣ አንድ ክሊኒክ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤትና አራት ጠጅ ቤቶች ነበሯት። የጠጅ ቤቶቹን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

አባቴ ባለጋሪ ነበሩ። እህል ከገበያ ወደ ወፍጮ፣ ሰውና ሻንጣ ከአውቶቡስ ማቆሚያ ወደየቤቱ ያመላልሳሉ። ፈረሳቸው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይባላል። ጠንካራ፣ ጨዋ፣ የእኛን አገር ብርድ ከምንም የማይቆጥር ፈረስ ነበር፤ አንድ አመል ብቻ አለበት። አባቴ የገዙት ከአንድ የዲክሲስ ሰው ላይ ነው። ሰውየው ለካ ጠጅ ወዳድ ኖሯል፤ ቦራም ከእሱ ጋር ሲኖር ጠጅ የሸተተው ቦታ ሁሉ መቆሚያ ነው ብሎ ተምሯል። ሲሸተው ቀጥ ይላል። ቢጎትቱት፣ ቢለምኑት፣ ጅራፍ ቢያሳዩት ንቅንቅ የለም። አንድ ሰው አንድ ብርሌ ጠጥቶ የሚወጣበትን ያህል ጊዜ ከቆመ በኋላ ማንም ሳያዘው በራሱ ይሄዳል።

አባቴ ደግሞ ጠጅ አፋቸው ገብቶ የማያውቅ፣ ሶላት የማያቋርጡ ሙስሊም ናቸው። ዓርብ ዓርብ ነጭ ኮፊያቸውን አድርገው፣ ከኋላ ሁለት ሽማግሌ አሳፍረው ወደ መስጊድ ሲሄዱ ቦራ አራቱም ጠጅ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ በአንድ ይቆማል። ውስጥ ያሉት ሰዎች ብቅ እያሉ "ምነው፣ ዛሬም አይገቡም?" ይሏቸዋል። አባቴ ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ሽማግሌዎቹም አብረው ሰማይ ያያሉ። እኛ ቤት ይህ ጉዳይ ተነስቶ አያውቅም።

ወደ ክበቡ ልመለስ። መምህር ወንድወሰን ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተልኮ የመጣ ልጅ ነበር። ያኔ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳሰላው ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ፀጉሩ አፍሮ፣ ሱሪው ቤል ቦተም ነው፤ የከተማችንን ጭቃ ግማሹን በሱሪው ጠርጎልናል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ክርክር ማለት በወላጆች በዓል ላይ "ከውሃና ከእሳት ማን ይበልጣል?" ተብሎ ሁለት ልጆች በቃላቸው የያዙትን ጮኸው የሚያነበንቡበት ነገር ነበር። ሁልጊዜም የሚያሸንፈው ውሃ ነው። ወንድወሰን ይህን አስቀረና "ጩኸት ማስረጃ አይደለም" አለን። "ትልቅ ሰው ስለተናገረውም እውነት አይሆንም። እንዴት ታወቀ? ብላችሁ ጠይቁ።"

እኛም ይህን ይዘን ወደየቤታችን ሄድን። በዚያ ሳምንት በከተማችን ብዙ ልጅ ተገርፏል። እኔ ለምሳሌ እናቴ "ሊዘንብ ነው፣ ልብሱን አስገቢ" ስትለኝ "ማስረጃሽ ምንድን ነው?" አልኳት። ማስረጃዋን ከበሩ ጀርባ አምጥታ አሳየችኝ፤ መጥረጊያ ነበር። ልብሱን ሳስገባም ዘነበብኝ።

ሁለተኛው የክበቡ ሕግ ዕጣ ነው። ተከራካሪ ወገኑን አይመርጥም፤ የተጠቀለለ ወረቀት ከመምህሩ ባርኔጣ ውስጥ ያወጣና የደረሰውን ይይዛል። "የምታምኑበትንማ ማንም ይከራከርበታል" ይል ነበር ወንድወሰን፤ "የሌላውን ሰው ሐሳብ የምታውቁት የማታምኑበትን ስትይዙ ነው።" ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር ነበር። እኛ ጋ ሰው ሽማግሌ ፊት ቆሞ አንድ ነገር ከተናገረ ተናገረ ነው፤ በነጋታው "ዕጣ ደርሶኝ ነው" ብሎ የሚመለስበት መንገድ የለም። መከራዬ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ዲሬክተራችን ፈሪ ሰው ነበሩ። አልፈርድባቸውም፣ ዘመኑ ነው። መምህሩ የሚያቀርበውን ርእስ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛሉ። መሬት የሚል ቃል ያለበት ተሰረዘ። ግብር የሚል ተሰረዘ። "ትራክተር ይሻላል በሬ?" እንኳን ትራክተሩ የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ተሰረዘ። በመጨረሻ "ማንንም የማይነካ ርእስ ይሁን" አሉና ራሳቸው መረጡ፤ ጋሪ ከዋናው መንገድ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ማንንም ሲሉ ባለጋሪዎችን አልቆጠሩም ማለት ነው።

እጄን ባርኔጣው ውስጥ ከትቼ ያወጣሁት ወረቀት "ይውጣ" ይላል።

"መምህር፣ አባቴ እኮ ባለጋሪ ናቸው" አልኩት።

"በጣም ጥሩ ነዋ!" አለኝ ፊቱ በርቶ፤ "ማስረጃውን እቤትሽ ታገኚዋለሽ።"

አገኘሁት። ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ጋሪውን አጋድመው የጎማውን ኩሽኔታ ግራሶ ሲቀቡ ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"አባዬ፣ የጋሪ ችግሩ ምንድን ነው?"

ቀና ብለው አዩኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሥራቸው የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሰው ከእሳቸው የሚፈልገው ቶሎ መድረስ ብቻ ነው። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ተመቻችተው ተቀመጡ። "ጻፊ" አሉኝ። ፍሬን የለውም፣ ቁልቁለት ላይ ክብደቱን ሁሉ የሚይዘው ፈረሱ ነው። የጭነት መኪና ክላክስ ሲነፋ ፈረስ ይደነብራል። ክረምት ሲሆን ጎማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ መንገድ ይዘጋል። ፋንድያው ደግሞ የሚታይ ነው። ሲናገሩ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም ነበር። እኔም አራቱን በተራ ጻፍኩ።

"ለምንድን ነው ግን?" አሉኝ መጨረሻ ላይ።

"ለትምህርት ቤት ነው። ስለ መጓጓዣ።"

"ኢንተለ ቲያ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ፤ "ሌላም ካስፈለገሽ ጠይቂኝ።"

አልዋሸሁም፣ ስለ መጓጓዣ ነበር። ይሁን እንጂ የዚያን ቀን ራት አልበላልኝ አለ። ስለ ጠጅ ቤቱ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

የክርክሩ ቀን ሌላ ችግር መጣ። ለአንድ ተከራካሪ የሚሰጠው አምስት ደቂቃ ነው፤ የመምህሩ ሰዓት ግን ለጥገና አሰላ ሄዳለች። ስለዚህ ሰዓት ያለው እንግዳ ተፈለገ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ግዛው ተገኙ። አቶ ግዛው በጭቃም በአቧራም ከረባታቸውን የማያወልቁ፣ ወደ አሰላ ለመዛወር የሚጓጉ ሰው ነበሩ። ለመዛወር ደግሞ አንድ የሚታይ ሥራ መሥራት እንዳለባቸው ያምናሉ። ይህን የኋለኛውን ያኔ አላወቅንም። የጠራናቸው ለሰዓታቸው ነው።

በመጀመሪያ የተናገረው ታደለ ነው፤ "ጋሪ ይቆይ" የደረሰው እሱን ነው። ታደለ መንገዱ ላይ የመጀመሪያው ጠጅ ቤት የእነሱ የሆነ፣ የነገሩትን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ፣ ከራሱ ግን አንድ ነገር ፍጠር ሲሉት ላብ የሚያጠምቀው ልጅ ነበር። ተነሣና "ጋሪ ለከተማችን ጌጥ ነው። ፈረስም ቆንጆ ነው። አመሰግናለሁ" ብሎ ተቀመጠ።

"አራት ደቂቃ ይቀርሃል" አሉት አቶ ግዛው ሰዓታቸውን እያዩ።

"አያስፈልገኝም" አላቸው።

እኔ ተነሣሁ። ፍሬኑን አልኩ፣ ክላክሱን አልኩ፣ ጭቃውን፣ ፋንድያውን አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ዛሬ ቢሆን ጸጥታው የአድናቆት መሆኑ ይገባኝ ነበር፤ ያኔ ግን የሰለቸኋቸው መሰለኝ። ሰው ማሳቅ አማረኝ።

"አንዳንድ ፈረሶች ደግሞ" አልኩ፣ "በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ሳይታዘዙ እየቆሙ ተሳፋሪን ለሐሜት ይዳርጋሉ!"

የአዳራሹ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ተሳቀ። አንዳንድ ፈረሶች ያልኩት ማን እንደሆነ የማያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። አሸነፍኩ፤ አንድ እስክሪብቶም ተሸለምኩ። አቶ ግዛው ሲወጡ "ንግግርሽን እስቲ አንድ ጊዜ ስጪኝ" ብለው ወረቀቴን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ወደዱልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በአሥረኛው ቀን አባቴ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው ገቡ። አባቴ ቁርአን ያነባሉ፣ የአማርኛ ፊደል ግን አያውቁም።

"ከማዘጋጃ ቤት ነው፤ እስቲ አንብቢልኝ" አሉኝ።

"ለከተማው ባለጋሪዎች በሙሉ" ብዬ ጀመርኩ። "ከመጪው ወር ጀምሮ ማንኛውም ጋሪ በዋናው መንገድ ላይ እንዳይሄድ የተከለከለ ሲሆን፣ ምክንያቱም፤ አንደኛ፣ ጋሪ ፍሬን የሌለው በመሆኑ..." የራሴ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛውም የራሴ ነው። ሦስተኛው ላይ የተሳሳትኳት ፊደል ሳትቀር እንደ ተሳሳተች ተቀምጣለች። አራተኛውን አነበብኩና ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርኩ።

"አለቀ?" አሉ አባቴ።

"አለቀ።"

"ከማኅተሙ በላይ ገና ሁለት መስመር አለ እኮ።"

ወረቀቴ ላይ ያልነበረውን አምስተኛውን አነበብኩ፤ አንዳንድ ፈረሶችን፣ መጠጥ ቤቱን፣ ሐሜቱን። ቶሎ ቶሎ ስላነበብኩት "እስቲ ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት።

"ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው" አሉ አባቴ፤ "ጸሐፊው የተማረ ሰው ነው።"

እናቴ ግን ተቀምጣ አለቀሰች። ዋናው መንገድ ከተከለከለ ገበያም፣ ወፍጮም፣ አውቶቡስ ማቆሚያም የለም፤ በጓሮ መንገድ የሚሳፈር ሰው የለም። ቦራም ይሸጣል ማለት ነው። እኔ ጥግ ይዤ የተሸለምኩትን እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ አሻሸው ነበር። ያኔውኑ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ፈራሁ።

በማግሥቱ ከአባቴ ጋር አሥራ አንድ ባለጋሪዎች እቤታችን ተሰብስበው መጡ። "ይቺ ልጅ ክርክር ታውቃለች አሉ፤ አቤቱታችንን እሷ ትጻፍልን፣ እሷው ትናገርልን" አሉ። አባቴ ወደ እኔ ዞረው "ትችያለሽ አይደል?" አሉኝ።

ሮጬ መምህር ወንድወሰን ጋ ሄድኩ። ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን አቆመና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"የምር አድርገው ወሰዱት?"

"በማኅተም።"

አፍሮውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከዳሰሰ በኋላ "ያን ቀን ታደለ ምን ማለት ነበረበት?" አለኝ።

"ብዙ ነገር።"

"በይ እሱን ጻፊው።"

ረቡዕ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄድን። አሥራ ሁለቱ ፈረሶች ውጭ ተደርድረው፣ አሥራ ሁለቱ ባለጋሪዎች ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላዬ ቆሙ። አቶ ግዛው ገና ሲያዩኝ ፈገግ አሉና ከመሳቢያቸው ወረቀት አወጡ።

"ምነው፣ ይሄን የተናገርሽው አንቺው አይደለሽም እንዴ? የእጅ ጽሕፈትሽ ነው!"

አሥራ ሁለት ሰው ወደ እኔ ሲዞር በጀርባዬ ተሰማኝ። አባቴን ዞሬ ለማየት አቅም አጣሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ግን ዕጣ ደርሶኝ ነው።"

"የምን ዕጣ? ታዲያ ስትዋሺን ነበር?"

"አልዋሸሁም፣ ጌታዬ። ጋሪ ፍሬን የለውም። ግን የእኔ ግማሹን ነው። ግማሹ ታደለ ጋ ነበር፤ እሱ ደግሞ አራት ደቂቃ መለሰልዎ። ያን ቀን የተሸነፈው ታደለ ነው እንጂ ጋሪው አይደለም። ፈቃድዎ ከሆነ ያችን አራት ደቂቃ ለእኔ ይስጡኝ። በሰዓትዎ ይያዙብኝ።"

እሺ አይሉኝም ብዬ ነበር። ሰዓትዎ ሲባሉ ግን እጅጌያቸው በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። "ጀምሪ" አሉኝ።

ጀመርኩ። የገበያውን እህል ወፍጮ ቤት የሚያደርሰው ማን ነው? ምጥ የያዛትን ሴት ክሊኒክ የሚያደርሳት ማን ነው? ክረምት አውቶቡሱ ወንዙ ማዶ ሲቀር ተሳፋሪውን እያሻገረ የሚያመጣው ማን ነው? ቁልቁለቱ ላይ ባለጋሪው ወርዶ ፈረሱን በልጓም ይያዝ፤ ከፈረሱ ኋላ ለፋንድያው ጆንያ ይታሰር። በመጨረሻም እንዲህ አልኳቸው፦

"እርስዎም አንድ ቀን ወደ አሰላ ይዛወራሉ። ያን ዕለት አልጋዎንና ቁም ሳጥንዎን እስከ አውቶቡሱ የሚያደርስልዎ ማን ነው?"

አቶ ግዛው በመስኮቱ ፈረሶቹን አዩ። ቁም ሳጥናቸው ባለ ሦስት በር እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

"ሠላሳ ሰከንድ ይቀርሻል" አሉኝ።

"አያስፈልገኝም" አልኳቸው።

ጋሪ እንዲቆይ ተፈቀደ፤ ልጓሙም ጆንያውም ታዘዘ። አምስተኛው ነጥብ ግን አልተነሣም። አቶ ግዛው እንዳሉት አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ማስታወቂያ ጨርሶ ከሻረ ይዋረዳል፤ አንድ ነገር መቅረት አለበት። ስለዚህ በመጠጥ ቤት ደጃፍ ሳይታዘዝ የሚቆም ፈረስ እንደ ተከለከለ ቀረ። ከአሥራ ሁለቱ ፈረሶች ክልከላው የሚመለከተው አንዱን ነው።

ሲመለሱ አባቴ ከፊት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የምላቸውን እያዘጋጀሁ ሳለ ጠጅ ሸተተና ቦራ ቀጥ አለ። የእነታደለ ደጃፍ ነው። ታደለ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ "አሸነፍሽ?" አለኝ ጮክ ብሎ።

"የነገረኝ ይሄ ልጅ ነው" አሉ አባቴ ወደ ፊት ወደ ፊት እያዩ።

"ምኑን?"

"ክርክሩን ነዋ። በዚያው ቀን። ቦራ እዚሁ ቆሞ ሳለ አምስቱንም ነጥብ በቃሉ አወረደልኝ። የራሱን አላስታወሰም፤ ያንቺን ግን አንድ ቃል አልሳተም።"

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። "ታዲያ ደብዳቤውን ለምን ለእኔ አመጡት?"

"አማርኛ የሚያነብማ መስጊድ ውስጥ ሞልቷል። አንቺ እንድታነቢልኝ ብዬ ነው።" ልጓሙን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። "አራቱን የነገርኩሽ እኔ ነኝ። እውነት ነው፣ ይነገር፣ ቅር አይለኝም። አምስተኛውን ግን አልነገርኩሽም።"

እዚያው ጋሪው ላይ አለቀስኩ። ያን ነገር ቤት ውስጥ ለምን እንደማናነሣው ሳይነገረኝ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ለሳቅ ብዬ አሳልፌ ሰጠኋቸው። "ይቅር ይበሉኝ፣ አባዬ" አልኳቸው።

"እኔንማ ተዪኝ፤ ስንት ዓመት የተሳቀብኝ ሰው ነኝ፣ ለምጄዋለሁ።" በጅራፋቸው ጫፍ ወደ ፊት አመለከቱ። "የተከለከለው እሱ ነው። ውረጂና እሱን አሳምኚው።"

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ወርጄ ቦራ ፊት ቆምኩ። የጠጅ ቤቱ ሰዎች ብርሌያቸውን እንደያዙ ወጡ፤ ታደለም አንድ ቃል እንዳያመልጠው ጠጋ አለ። ጉሮሮዬን ጠርጌ "ቦራ..." ብዬ ስጀምር አባቴ ከላይ "አማርኛ አይሰማም" አሉኝ። በኦሮምኛ እንደገና ጀመርኩ። በስሙ መነገዴ ጥፋት እንደሆነ፣ ከእሱ በላይ ጨዋ ፈረስ በከተማው እንደሌለ፣ ከእንግዲህ ግን እዚህ ቢቆም ማዘጋጃ ቤቱ አባቴን እንደሚያስቸግራቸው በተራ በተራ ነገርኩት። መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቦራ እኔን አሳልፎ መንገዱን ያያል። ትንሽ ቆየና አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ መራመድ ጀመረ። ሮጬ ተንጠልጥዬ ተሳፈርኩ።

"ሰማኝ!" አልኳቸው አባቴን።

"እንዴት ታወቀ?" አሉኝ።

ሰምቶኝ ይሁን ወይስ አንድ ብርሌ የሚያልቅበት ጊዜ ደርሶ ይሁን፣ በእጄ ምንም ማስረጃ የለኝም። አባቴ ከክርክሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁና ልጓሙን አቀበሉኝ።

"ሦስት ጠጅ ቤት ይቀራል" አሉ፤ "እዚያ እናየዋለን።"